አንድ ዓመት ምን ሲሞክሩ?

ሁለት ሴቶች ልጅ ፈልገው ወደ መካንነት ክሊኒክ ሄዱ እንበል። ቅጽ ተሰጣቸው። የመጀመሪያው ገጽ "የባል ስም" ይላል። ቀጥሎ ደግሞ "ለማርገዝ መሞከር ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?" ተያዩ። አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ምን ብለው ይሙሉት?

ጥያቄው እንዲሁ ከሜዳ አልተነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው፣ ያለ መከላከያ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ግንኙነት ተደርጎ እርግዝና ሳይገኝ ሲቀር ነው። ለወንድና ለሴት ጥንዶች ጥሩ መለኪያ ነው። ሁለት ሴቶች ግን አሥር ዓመት ቢጠብቁም ያው ናቸው። የጎደላቸው ጊዜ ሳይሆን የወንድ ዘር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ መለኪያ የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። ወንድና ሴት ጥንዶች ሁለት ዓመት ሞክረን አልሆነልንም ካሉ መንግሥት አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ የሚያገናኝ ሕክምና) ሊሸፍንላቸው ይችላል። ማን መኝታ ቤት ገብቶ ያጣራል? ቃላቸው ይታመናል። ሴት ጥንዶች ግን በብዙ አካባቢ መሞከራቸውን በደረሰኝ ማሳየት ነበረባቸው፤ በራሳቸው ኪስ ስድስት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 12 ዙር የለጋሽ ዘር ማስገባት። ሜጋን እና ዊትኒ ቤከን ኢቫንስ የተባሉ ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ2021 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2022 መንግሥት መስፈርቱን አነሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላም ሁሉም አካባቢ እኩል አልተራመደም።

አንዱ ዙር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የቀዘቀዘው የለጋሽ ዘር ይቀልጣል፣ ይታጠባል፣ በቀጭን ለስላሳ ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይገባል። ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጥበቃ። አብዛኛው ዙር አይሳካም፤ ሂሳቡ ግን ይከፈላል።

ሐኪሞቹ በዚህ ቀላል መንገድ እንጀምር ማለታቸው ልክ ነው። ጤነኛ ሴት ያለምክንያት የአይቪኤፍ መርፌና ማደንዘዣ አያስፈልጋትም። እኔን የሚያናድደኝ የከፋዩ ነገር ነው። ለአንዱ ወገን ሙከራው ነጻ ነው፤ ለሌላው በዙር ይቆጠራል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2023 ትርጉሙን አስፍቶ የለጋሽ ዘር ወይም እንቁላል የሚያስፈልገውንም ሰው አካቷል። ሌሎቹ ከዚህ ቢጀምሩ ምን ነበረበት?

አቅም ያጣው ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ለጋሽ በማኅበራዊ ሚዲያ ይገኛል፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ርካሽ ነው። ግን ሰውየውን ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረስ ማን መረመረው? እዚያው እንግሊዝ፣ ጥንዶቹ ካልተጋቡና ዘሩ የገባው ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ለጋሹ በሕግ አባት ሊሆን ይችላል። ዳይፐር የምትቀይረው ሁለተኛዋ እናት ደግሞ ወረቀት ላይ የለችም።

የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ብዙ ያከራክር ይሆናል። "የባል ስም" የሚለውን "የአጋር ስም" ብሎ ማተም ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።