ብር የሚሰሙ ጆሮዎች

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብሎ የተረተው ሰው የኤርፎን ኬብል ቀይሮ አያውቅም ማለት ነው። የኤርፎናቸውን የመዳብ ገመድ በብር ገመድ ቀይረው ድምፁ አማረ የሚሉ ሰዎች አሉ። የእነዚህ ኬብል ቀያሪዎች ጆሮ እንደሆነ ለባለቤቱ ታማኝ ነው፤ የመዳቡ ገመድ ተነቅሎ የብሩ ሲሰካ «መጋረጃው ተገፈፈ፣ ቤዙ ጠለቀ» እያለ ይመሰክርለታል። ብር ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ የሚበልጠው 6 በመቶ ገደማ ነው። መዳቡን ትንሽ ወፈር ማድረግ ያንኑ ያካክሳል፤ ግን ምን ክብር አለው? ብር የሚያምረው ብር ሲወጣበት ነው።

ባለ 32 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ኤርፎን እንውሰድ። የድሮው ገመድ ተቃውሞ 0.5 ኦም፣ የአዲሱ 0.2 ኦም ቢሆን የድምፁ ልዩነት 0.1 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ይህን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ የጉንዳን ኮቴም አያመልጠውም።

አንዳንዴ ኬብል ቀያሪዎቹ እውነታቸውን ነው፤ ይህን ስንል ቅር እንዳይላቸው። ብዙ ባላንስድ አርማቸር (ጥቃቅን ድምፅ ማጉያዎች) የታጨቀበት ኤርፎን ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለድምፁ ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ አንዱ ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት) ላይ ወደ 5 ኦም ወርዶ ሌላው ላይ 40 ሊደርስ ይችላል። ባለ 1 ኦም ገመድ ሲገባበት 5 ኦሙ ላይ 1.6 ዴሲቤል፣ 40ው ላይ 0.2 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የድምፁ መልክ ይቀየራል፣ ይሰማልም። የተሰማው ግን ኦሙ እንጂ ብሩ አይደለም። አንዲት ሚጢጢ ሬዚስተርም (ተቃውሞ የምትጨምር ዕቃ) ያንኑ ትሠራለች። የገመድ ሊቃውንቱ ግን ኦም የሚለካውን መልቲሜትር አይነኩም፤ ቁጥር ስሜት የለውማ።

ባለ 4.4 ሚሊሜትሩን ባላንስድ ጃክ፣ ማለትም ለየጆሮው የተለየ ጥንድ ሽቦ ያለውን መሰኪያ፣ ማወደሳቸውም ተገቢ ነው። ብዙ ማጫወቻ በዚያ ቀዳዳ ቮልቴጁን እጥፍ አድርጎ ስለሚያወጣ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ድምፅ ሲጨምር ደግሞ ያላማረ ዘፈን የለም፤ ምስጋናው ለገመዱ ይሁን።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። «ሁለት አንድ ዓይነት ኤርፎን አምጡ፣ አንዱን በመዳብ ሌላውን በብር ገመድ አድርጉ፣ ድምፃቸውን በ0.1 ዴሲቤል ውስጥ አስተካክሉ፣ ሌላ ሰው ሳታዩ እየቀያየረ 16 ጊዜ ያሰማችሁ፤ የትኛው ገመድ እንደሆነ 12ቱን ካላወቃችሁ ግምት ነው» ይላል። ሁለት የሚያስፈልገው ኤርፎኑ ከጆሮ ወጥቶ ሲመለስ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ትንሽ ካዘነበለ ቤዙ ስለሚሾልክ ነው፤ ያ ደግሞ ከየትኛውም ገመድ የበለጠ ድምፅ ይለውጣል። ነጋ ጠባ ገመድ የሚነቅልና የሚሰካ ሰው በየቀኑ አዲስ ቤዝ ቢያገኝ ምን ይደንቃል?

የተበጠሰውን ገመድ መተካት፣ ልብስ በነካ ቁጥር የሚንኮሻኮሸውን በለስላሳ መለወጥ የተራ ሰው ሥራ ስለሆነ እንለፈው።

ከሁሉ የምናደንቀው ባለ 0.78 ሚሊሜትሩን ሁለት ፒን (ገመዱ ኤርፎኑ ላይ የሚሰካበትን ጥንድ እሾህ) በአንድ ጆሮ በኩል ገልብጦ የሰካውን ነው። አንዱ ድምፅ ማጉያ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መሃል የነበረው ዘፋኝ ወደ ዳር ይበተናል፣ ቤዙ ይሳሳል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወዘወዘ፦ «ስፋቱን ስሙት! ብር እኮ ነው።»