ሁለት መቶ ዓመት ያልተጠረገ ቤት

አክስቴ በዓለም ፍጻሜ ላይ ያላት ቅሬታ አንድ ነው። ቤቱ አልተጠረገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። የምጫወተው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ነው። አዲሶቹን ንቄ አይደለም። ላፕቶፔ ነው የናቃቸው። በ2015 የወጣው «ፎልአውት 4» ቢያንስ 8 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) ይጠይቃል። የኔ ያለው 4 ነው። እሱም ሲሠራ እንደ ምጣድ ይግላል። እታለም (አክስቴን እንዲያ ነው የምንላት) ክረምት ላይ እጇን ታሞቅበታለች።

የሚሠራው ሶኬት ያለው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። እሷ ጥጥ የምትፈትለውም እዚያው ነው። እንዝርቷን እያሾረች ታየኛለች። መጀመሪያ ፊልም መስሏት ነበር። «ይኼ ሰውዬ ሁልጊዜ ጀርባውን ብቻ ነው የሚያሳየው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ታሪኩን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2077 አሜሪካና ቻይና የኑክሌር ቦንብ ይወራወራሉ። ሁሉ ነገር በሁለት ሰዓት ያልቃል። የተረፈው ተርፎ፣ ከ204 ዓመት በኋላ፣ እኔ በሞሃቪ በረሃ ፖስታ አመላላሽ ነኝ።

«በኛ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዓለም ያለቀበት።»

አሰላሁት። ጥቅምት 13 ቀን 2070 ዓ.ም.።

«የሚካኤል ማግስት!» አለችና እንዝርቱን ቀጥ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ጌም አላየችውም።

የጌሙ አጀማመር ለኛ አገር ሰው የተጻፈ ይመስላል። ዳማ ዳማ ኮት የለበሰ አንድ ሰው ፖስተኛውን ጭንቅላቱን በጥይት ይመታውና ያስቀብረዋል። ሮቦት ቆፍሮ ያወጣዋል። አንድ ሽማግሌ ሐኪም አክሞ ያድነዋል። ፖስተኛው ልክ እንደተነሳ የመታውን ሰው ፍለጋ ይወጣል። እታለም «ለምን?» ብላ አልጠየቀችም። «ደሙን ሊመልስ ነዋ» አለች። ቀጥላ ግን፣ «ሐኪሙንስ አመስግኖታል?»

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። እኔ በዚያ ሰዓት የሐኪሙን ቤት እያራቆትኩ ነበር። የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ሰው ቤት ትገባለህ፤ መሳቢያ ትከፍታለህ፤ ያገኘኸውን ሁሉ ትሰበስባለህ። ሳህን፣ መቀስ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ሹካ። ለምን እንደሚጠቅም አታውቅም፤ ትወስዳለህ። ልማድ ነው እንጂ ክፋት አይደለም።

«ያዳነህን ሰው ሹካ?»

«ጌም እኮ ነው እታለም።»

«ሹካውን መልስ።»

መለስኩ። ይህን ጌም ስጫወት ስንት ዓመቴ ነው፤ ሹካ ወደ መሳቢያ ስመልስ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ተስማማን። በዚያ ዓለም መገበያያው ቆርኪ ነው። እውነተኛ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ። እንደኛ ጎንደር ቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው ማሰቡ አይቀርም። እታለም በመስኮት ወደ ግቢው አየች። ባለፈው የጎረቤት ሠርግ የወዳደቀው ቆርኪ አሁንም ጭቃው ውስጥ ያብለጨልጫል። ልጆች ዳማ እየተጫወቱበት ነው። «እና እነዚህ ሀብታም ናቸው?» አለች።

ደግሞ ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ልዩ ቆርኪ አለ። 50 ያጠራቀመ ይሸለማል። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የቆርኪ ሽልማት በነበረበት ጊዜ፣ ቢራው ሲከፈት መጀመሪያ ቆርኪውን ገልብጦ፣ ጎማውን በጥፍሩ ፍቆ፣ መኪና ይኖር ይሆን ብሎ ያላየ ማን አለ? እታለም ራሷ ቢራ አትቀምስም። ያኔ በአንድ ሠርግ ላይ ግን ከአምስት ጠረጴዛ ቆርኪ ስትገለብጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።

ስለ ውሃውም ነገርኳት። በ1997 በወጣው በመጀመሪያው «ፎልአውት» ከመሬት በታች የሚኖሩ ሰዎች የውሃ መሣሪያቸው ይበላሻል። አንድ ሰው መለዋወጫ እንዲያመጣ ይላካል። 150 ቀን ይሰጠዋል።

«ቀኑ ተነግሯቸዋል?» አለችኝ።

«አዎ።»

ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉትን ቢጫ ጀሪካኖች አየት አድርጋ፣ «ታድለው» አለች።

ዋናው ጠብ የመጣው በአጽሙ ነው።

እነዚህን ጌሞች ያላየ ሰው ላያምነኝ ይችላል። ሰዎቹ የሞቱት በ2077 ነው። አልጋ ላይ የሞተው አልጋው ላይ ነው። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሞተችው እዚያው ናት። 204 ዓመት! ሕያዋኑ ደግሞ ከነሱ ጎን ይበላሉ፤ ይተኛሉ፤ ይነግዳሉ። ወለሉ ላይ ወረቀትና የቆርቆሮ ጣሳ ተዝረክርኳል። የቡና ኩባያ በየጥጉ ወድቋል። ኩባያውን አይታ «እና ማንም ቡና ጠጣ አላለህም» ብላ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

«ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ሴት መጥረጊያ አላነሳችም?»

«ወንዶቹስ?» ብል አልሰማችኝም። ዓይኗ አልጋው ላይ ነበር።

«እነዚህስ? ቀባሪ አጥተው ነው?»

«እንግዲህ...»

«ዕድር የላቸውም?»

የላቸውም። ከዚህ በኋላ ስለ ቦንቡ አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም። ለሷ ዓለም ያለቀበት ምክንያት ታወቀ።

ላለማማት፣ በአራተኛው «ፎልአውት» ዕድር የሚመስል ነገር ሞክረዋል። ፕሬስተን ጋርቪ የሚባል ሰው አለ። ባገኘኸው ቁጥር እነ እገሌ መንደር ችግር ላይ ናቸው፣ ቶሎ ድረስ ይልሃል። ጨርሰህ ስትመለስ ሌላ መንደር ይጠብቅሃል። የዓለም ተጫዋች ሁሉ እንደ ቀልድ ይዞታል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ጥሩንባ ነፊ ነው የምንለው። አንስቅበትም። ቅጣት አለዋ።

«አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ?» አለችኝ እታለም። «ቅበራቸው።»

የሚገርመው፣ ይቻላል። ሞድ የሚባለው ነገር ለዚህ ነው። ጌሙ የጎደለውን ትጨምርበታለህ፤ የማትወደውን ታነሳለህ። መሥሪያውን የጌሙ ሰዎች ራሳቸው በነጻ ለቀውታል። ስሙ «ጌክ» ይባላል። ሲተነተን የኤደን ገነት መፍጠሪያ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥም በረሃውን መልሶ የሚያለማ ሳጥን አለ፤ ስሙን ከዚያ ነው ያመጡት። ይህን ስነግራት ቅር አላት። «ኤደን? ግዮን እዚሁ ከጣና ማዶ አይደል? ማን ወደ አሜሪካ ወሰደባቸው?»

ሞድ የያዘው ሰው ግን ጌም አይጫወትም። ያስተካክላል። ጌሙ 32 ቢት በሚባለው በድሮው አሠራር የተሠራ ስለሆነ ኮምፒውተርህ የፈለገውን ያህል ራም ቢኖረው ከ2 ጊጋ በላይ አይነካም። 4 እንዲነካ የምትፈቅድለት ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለች። መሶብ ሙሉ እንጀራ ፊቱ ተቀምጦ፣ ብላ ካልተባለ እጁን እንደማይሰድ እንግዳ ነው። ከዚያ ቅደም ተከተሉ አለ። ሁለት ሞዶች አንድ ነገር ከነኩ በዝርዝሩ ታች ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይኼን ወደ ላይ፣ ያንን ወደ ታች ስታደርግ ታድራለህ። ጠዋት ዓይንህ ቀልቶ ስትወጣ ሰው ሲጠጣ ያደረ ይመስለዋል።

ደግሞ ጎንደሬ በዚህ አይታማም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ግንባቸውን አቆሙ። ልጃቸው ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ። ዳዊት የዘፈን ቤት። በካፋም የራሳቸውን። እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን። የነበረው ይበቃኛል ያለ የለም። ፒያሳ ሄጄ ፋሲል ግቢ አጥሩ ሥር በቆምኩ ቁጥር የኔው ኮምፒውተር ይመስለኛል። ልዩነቱ የነሱ እስከ ዛሬ ቆሟል። የኔ ክራሽ ያደርጋል፤ ድንገት ይወድቃል።

ቀብሩን በአንድ ቤት ጀመርን። በረሃው መሀል መንገድ ዳር ያለች ቤት ናት። ሦስት አጽም፤ ሁለቱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ወንበር ላይ። ጌክን ከፍቼ አንድ በአንድ መረጥኳቸውና ሰረዝኳቸው። ሴቭ አደረግሁ። ጌሙን ከፈትኩ። በሩን ስገፋ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ጌሙ ድብን አለ።

ደግሜ ሞከርኩ። ድብን። እታለም መቁጠሪያዋን አነሳች።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ከዚህ በፊት የጫንኩት ሌላ ሞድ ያንኑ ቤት ይነካል። ያ ሞድ እኔ የሰረዝኩትን አጽም ፈለገ። አጣው። ጌሙ መልስ አልነበረውም፤ ወደቀ። በሞድ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ሕግ ነው፤ በጌሙ ውስጥ የነበረን ነገር አትሰርዝም። የሚጠይቀው ይኖራል።

«አላልኩህም?» አለች እታለም። «ሰው እንዲሁ አይጠፋም። ዘመድ አለው፤ ይጠይቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የሚፈቀደው ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ኤክስኤዲት» የሚባል ፕሮግራም አለ። በስህተት የተሰረዘውን ይመልሰዋል። ከዚያ ለዓይን እንዳይታይ ያደርገዋል። በመጨረሻም፣ ድንገት ብቅ እንዳይል፣ በጌሙ መለኪያ 30,000 ልክ ከመሬት በታች ያወርደዋል። ለሚጠይቀው ሞድ አለ። ለሚያየው ሰው የለም። ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ቋንቋ ስተነትንላት ሰማችኝ ሰማችኝና፣

«ቀብር ነው እኮ» አለች።

እውነትም ቀብር ነው።

ሥራው ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር። አንድ ሰዓት ፈጀ። «ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እታለም፣ አይታዩም እኮ። «ወደ ምሥራቅ ነው ወይ?» 30,000 ልክ ወደ ታች ናቸው፣ ማንም አያያቸውም። ዝም ብላ ጠበቀች። እኔም ተመልሼ ገባሁና የእያንዳንዱን አጽም የመዞሪያ ቁጥር መቀየር ጀመርኩ። በጌሙ ካርታ ምሥራቅ በየት እንደሆነ አጣራሁ። አንደኛውን አዞርኩ። ሁለተኛውን አዞርኩ። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። እታለም ጧፍ ይዛ አጠገቤ ቆመች። ለኮምፒውተሩ እንደማይጠቅም ነገርኳት። «ለሱ አይደለም» አለችኝ። ሦስተኛውን አዙሬ ሴቭ ሳደርግ 2 በመቶ ቀርቶት ነበር።

መብራት የመጣው በማግስቱ ማታ ነው። ጌሙን ከፈትኩ። በሩን ገፋሁ። አልወደቀም። አልጋው ባዶ ነው። ወንበሩም ባዶ ነው። ሹካዎች ወለሉ ላይ ነበሩ፤ አልነካኋቸውም።

«ነፍስ ይማር» አለች እታለም።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ምን ልበል?

እንዝርቷን አንስታ ትንሽ ፈተለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ለካ በጣቷ እየቆጠረች ነው። አርባቸው የሚውልበትን ቀን አገኘችው።

«ስንት ቆርኪ አለህ?» አለችኝ።

አየሁት። ሦስት መቶ ምናምን።

«ትንሽ ነው» አለች። «ግድ የለም። ሳህንና ሹካ ከሐኪሙ እንዋሳለን።»