ለማይወርደው ተሳፋሪዬ፣ ለጋሽ ወስዋስ

ጋሽ ወስዋስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብዬ የምጠይቀው ለወጉ ነው እንጂ ዛሬ ጠዋት ከጅማ መርካቶ ስነሳም ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር።

የምነዳት ባጃጅ የምትጭነው ከኋላ ሦስት ሰው ነው። እርስዎ አራተኛ ነዎት፤ ትርፍ። ግን እስከ ዛሬ አንድም ትራፊክ በእርስዎ ምክንያት ቀጥቶኝ አያውቅም። እርስዎም ሂሳብ ከፍለው አያውቁም።

የድሮ ዘመንዎን አልረሳሁም። ጎማው ጓ ባለ ቁጥር ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «ሰው ቢሆንስ?» ይሉኛል። እኔም ተሳፋሪዬን አራግፌ ወደዚያው እመለሳለሁ። ጉድጓድ ሆኖ አገኘዋለሁ። የጅማን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ይፍረደኝ፤ ጓ ሳይል ሃምሳ ሜትር የሚያስኬድ የት ተገኝቶ! ነዳጁ በምልልስ ያልቃል፣ ማታ ለባለቤቱ የማስገባው ገቢ ይጎድላል። ያኔ ግን ቢያንስ ይታዩ ነበር። ተራ ላይ ጓደኞቼ «ዛሬስ ስንት ገደልክ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ኡስታዙ «ወስዋስ ነው፣ አትመልስለት» አሉኝ። ሐኪሙ «ኦሲዲ ነው፣ ሐሳብ እየደጋገመ የሚያስጨንቅ፣ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም፤ አትመልስለት» አለኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሐኪሞች ደግሞ «የጥርጣሬ እብደት» ይሉዎት ነበር አሉ። በየአገሩ ስም አለዎት፣ መታወቂያ ግን የለዎትም! ብቻ መመለሱን ተውኩ። ዳንኩ ብዬ ለእናቴ ስኳር ገዝቼ ገባሁ።

ለካ ልብስ ቀይረው ነው።

አሁን ባጃጇን አላዞርም፤ ሐሳቤን ነው የማዞረው። ማታ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ እንደገና እነዳለሁ። እያንዳንዷን ጓ እንደ ቪዲዮ ወደኋላ እየመለስኩ አያታለሁ። ደጋግሜ ባየኋት ቁጥር ደግሞ ትደበዝዛለች። ስትደበዝዝ እርስዎ «አየህ፣ እርግጠኛ አይደለህም» ይላሉ። ሐኪሙ እንደነገረኝ በፈረንጆቹ 2003 ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር የተሠራ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አድርገዋቸው ነበር። ትዝታቸው ትክክል እንደሆነ ቀረ፤ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ግን ወረደ። የእርስዎ ንግድ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱን እየሸጡ በሽታውን ያመርታሉ።

ሌላው ልብስዎ ጨዋታ ነው። «መንገዱ ተበላሽቷል አይደል እትዬ? ቅድም ጓ ያለው ጉድጓድ ነው መሰለኝ?» እላለሁ። «አዎ ልጄ፣ ጉድጓድ ነው» ሲሉኝ ደረቴ ቀለል ይላል፤ እስከሚቀጥለው ጓ። አንዲት እናት «እንዴት ያለ ተጫዋች ልጅ ነው» ብለው መርቀውኝ ወርደዋል። ምርቃቱን እንኳን የወሰዱት እርስዎ ነዎት።

ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ሻይ ቤት ቁጭ የምለውስ? «ነዳጅ ልቆጥብ ነው» እል ነበር፤ ራሴም አምኜው ነበር። ለካ ልጅ እንዳልገጭ ያስፈሩኝ እርስዎ ነዎት።

አስተግፊሩላህ ማለትማ ምን ክፋት አለው? ሰባት ጊዜ ካልሞላ ሰው ይሞታል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አምስተኛው ላይ «ወራጅ አለ!» ሲባል ቆጠራው ይጠፋብኛል፣ ከአንድ እጀምራለሁ፣ ሰውዬው ሁለት ፌርማታ አልፎ ይወርዳል። የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሐኪሙ «በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ይወስድብሃል?» ሲለኝ «ኧረ በፍጹም፣ መመለስ ትቻለሁ» አልኩት። «የውስጡንም ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። ጋሼ፣ ለካ ቋሚ ሥራዬ እርስዎ ነዎት፤ ባጃጁ ትርፍ ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ነገር እለይዎታለሁ። ጨዋታ ከሆነ፣ እትዬ መልስ ባይሰጡኝም ግድ የለኝም። ባይመልሱልኝ ላብ የሚያሰምጠኝ ከሆነ ግን የጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ በእኔ አፍ።

ባለፈው ሐሙስ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትን ሊያዩ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዤ ወደ ጅሬን ስወጣ፣ ጓ። «ሰው ቢሆንስ?» አሉኝ። ሐኪሙ ያስጠናኝን መልስ ሰጠሁዎት፦ «ሊሆን ይችላል።» ዝም ይላሉ ብዬ ነበር፤ የባሰ ጮኹ። እጄ መሪው ላይ ተንቀጠቀጠ። እንግዶቹ ገብተው ሲጎበኙ እኔ ውጭ ቆሜ መንገዱን በሐሳቤ መንዳት ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ነቃሁና እዚያው ኩርባው ላይ ጥዬው ቀረሁ።

ስንወርድ እዚያችው ቦታ ደረስን። «እንደው ለማየት ያህል» አሉኝ። አንገቴ ሊዞር ሲል ያዝኩት። ወራጅ ካለ ይናገሩ ጋሼ፤ ከሌለም ይቀመጡ፣ የምንሄደው ወደ መርካቶ ነው።