እርማት፦ ፋፍሳ (የአሜሪካ ፌደራል መንግስት የኮሌጅ ትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፎርም) ለመሙላት ሲትዝን መሆን አይጠበቅም

ወንድሜ "ግሪን ካርድ ይዛችሁ 5 አመት ሳይሞላ ፋፍሳ አትሙሉ፣ መጀመሪያ ሲትዝን ሁኑ" ያልከው ልክ አይደለም፣ በዲቪ የመጡ ልጆች ይሄን ሰምተው እንዳይቀሩ ብዬ ነው የምፅፈው። 5 አመቱ ለዜግነት ማመልከቻ ነው፣ ከትምህርት እርዳታ ጋር አይገናኝም። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ በገባበት አመትም መሙላት ይችላል፣ በሪፊዩጂ የገባና አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደለትም እንደዛው። የአሳይለም ኬዙ ገና ያልተወሰነለት ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ብቻ ያለው ግን የፌደራሉን እርዳታ አያገኝም፣ እሱ እውነት ነው።

ምናልባት ያምታታህ የስቴት ነዋሪነት ይሆናል፣ ብዙ ስቴት ላይ 12 ወር ካልኖርክ የነዋሪውን ርካሽ ክፍያ አታገኝም፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በፋፍሳ የሚገኘው ፔል ግራንት የሚባለው የፌደራል እርዳታ እኮ ብድር አይደለም፣ አይመለስም! የ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ ብዙ ቦታ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ታዲያ ይሄን 5 አመት ሙሉ ተው ማለት ልጁን መጉዳት ነው።

የወላጅ ወረቀትም ልጁን አይከለክለውም፣ እናቱ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ባይኖራትም ፎርሙ በሚሞላበት ድረ ገፅ ላይ የራሷን አካውንት ከፍታ መፈረም ትችላለች። ፎርሙ ከ2 አመት በፊት የነበረውን ገቢ ስለሚጠይቅ ያኔ አገር ቤት የነበረ ቤተሰብ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ይሞላል፣ ገቢያቸው አሁን ከወረደ ደግሞ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ እንደገና እዩልን ማለት ይቻላል። ፎርሙ ነፃ ነው፣ ለማመልከቻው ክፈሉ ለሚላችሁ ሰው አትክፈሉ።