ዴንዘል የለበትም፣ አሳልፈው!

አክተር ለማየት ብላችሁ ብቻ ፊልም የምትከፍቱ ወገኖች፣ ምስጋና ይድረሳችሁ። እናንተ ባትኖሩ ኖሮ እኛ ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ በማየት ዕድሜያችንን እንጨርስ ነበር። ማን ማንን ገደለ፣ ለምን ገደለ እያልን ራሳችንን እናዞር ነበር። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላችሁ። «እሱ የሚመጣው መቼ ነው?»

ይሄን ያስነሳኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሰው ቤት ተጠራን። ቡና ተቀርቧል፣ ፈንዲሻ አለ፣ ግድግዳውን ያከለ ቴሌቪዥን አለ። የተመረጠው ፊልም ጆኤል ኮኤን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው «ማክቤዝ» ነው። ጥቁርና ነጭ፣ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ከ400 ዓመት በላይ የኖረው የሼክስፒር ተውኔት፣ ማክቤዝን ሆኖ የሚሠራው ደግሞ ዴንዘል ዋሽንግተን። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ ማየት ነበረብኝ።

ሪሞት ያዡ የዴንዘል ወዳጅ ነው። እንደኔና እንደናንተ ዓይነት ወዳጅ እንዳይመስላችሁ። የሰውየውን የልጆቹን ቁጥር ያውቃል። ኦስካር የተነፈገባቸውን ዓመታት እንደ ቤተሰብ ቂም ይዘረዝራል። ስለ ማክቤዝ የሚያውቀው ዴንዘል እንዳለበት ነው። ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሥዕሉ አላማረውም። ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ እንደ ድሮዎቹ ፊልሞች ጠበብ አድርጎ፣ ወደ አራት ማዕዘን ባደላ ቅርጽ ነው የሠራው። ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። «ይሄን ሁሉ ብር ያፈሰስኩት ለግማሽ ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» አለና ሴቲንግ ውስጥ ገባ። ዙም አደረገው። ስክሪኑ ግጥም አለ። የዴንዘል ግንባር ግን ከላይ ተቆርጦ ቀረ። በታሪኩ መጨረሻ ባላንጣው ማክደፍ መጥቶ የማክቤዝን ራስ እስኪቆርጥ ገና ብዙ ይቀራል፤ የኛ ሰው በሪሞት ቀደመው። ቀጥሎ ቀለም ፍለጋ ገባ። አጣና «ኮፒው አይረባም» ብሎ ተወው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ተጀመረ። ደንቡ ቀላል ነው። ዴንዘል ካለ ይታያል። ከሌለ ይታለፋል።

የቆሰለው ወታደር ለንጉሥ ዳንከን ማክቤዝ በጦር ሜዳ እንዴት ጀግና እንደነበረ ይተርካል። ታለፈ። «ኧረ የሚያወራው ስለ ዴንዘል ነው» ብዬ ነበር። ሰሚ አላገኘሁም። ዴንዘል ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ጠንቋዮቹ አብረውት ስላሉ ለጊዜው ተረፉ። ሦስቱንም ጠንቋዮች ብቻዋን የምትሠራቸው ካትሪን ሀንተር ናት። ክንዷን እንደ ገመድ ታጠማዝዘዋለች፣ ድምጿን ትለዋውጣለች። ለኔ የፊልሙ ትልቁ ትወና የሷ ነው። «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ሆና ነው?» ተባለና ፍጥነቱ እጥፍ ተደረገ።

ሌዲ ማክቤዝ ባሏ የላከላትን ደብዳቤ ታነባለች። ንጉሡን የመግደሉ ነገር የሚጎነጎነው ከዚች ደብዳቤ ጀምሮ ነው። አንባቢዋ ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ናት፣ በትወና ብቻ ሦስት ኦስካር የወሰደች። ደብዳቤው ከዴንዘል ነው፣ ዴንዘል ግን በቦታው የለም። ታለፈ።

ስለዚህ እኛ ያየነው ፊልም ይሄን ይመስላል። አንድ ሰው በረጅም ኮሪደር እየሄደ ለብቻው ያወራል። ከጫፍ ያለው የበር እጀታ ጩቤ መስሎ ያብለጨልጫል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ገባና ቤቱ በእንግድነት ያደሩ አንድ ሽማግሌ ገደለ።

«ውይ! ምን አድርገውት ነው ልጄ?» አሉ ቡና የሚያፈሉት የሪሞት ያዡ እናት።

«ነገር አላቸው፣ እማዬ።»

«ምን ነገር?»

ማን ይመልስላቸው? ምክንያቱ ከታለፈው ውስጥ ነው ያለው።

ቀጠልን። የማክቤዝ ጓደኛ ባንኮ በገዳዮች እጅ ሲወድቅ ዴንዘል የለበትም፤ ታለፈ። ከዚያ ግብዣ መጣ። ማክቤዝ ያስገደለው የባንኮ መንፈስ ታይቶት ልቡን የሚስትበት ቦታ ነው። ባንኮ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ ቤቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ሁላችንም ያየነው አንድ ትልቅ ሰው በገዛ ግብዣው ከቁራ ጋር ሲደባደብ ነው። «ይቺ ወፍ ምን አደረገችው?» አሉ እናቱ። ሪሞት ያዡ ግን ደስ አለው። ቢያንስ ድብድብ መጣ። ዴንዘል በሌላ ፊልሙ ሰዓቱን አይቶ በሰከንዶች ውስጥ አምስት ሰው ሲያጋድም ያየ ሰው፣ በአንድ ቁራ ይሄን ያህል ጊዜ ሲፈጅበት ትንሽ ቅር ማሰኘቱ አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ሼክስፒር ትልቅ ጥፋት አጠፋ። አራተኛው ገቢር ላይ ማክቤዝ ከጠንቋዮቹ ከተለየ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ብቅ አይልም። የማክደፍ ቤተሰብ አለ። እንግሊዝ የተሰደዱት ሰዎች ምክር አለ። ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች የማይለቅ ደም ከእጇ ላይ የምታሽበት አለ። ሪሞት ያዡ ቁልፉን ተጭኖ ጣቱን አላነሳም። «ኧረ ተው፣ ይቺንስ እንያት» አልኩት። «ቆይ አንተ ደግሞ፣ አሁን ይመጣል» አለኝ። ሴትየዋ ከክፍሏ ወጥታ፣ እጇን አሽታ፣ ወደ አልጋዋ ስትመለስ ዓይናችን አልያዛትም።

ዴንዘል ሲመለስ ሚስቱ ሞታለች ተባለ።

«መቼ ታመመች?» አሉ እናቱ።

ማክደፍ ሰይፍ ይዞ መጣ። «ይሄስ የማን ልጅ ነው? ምን አጣላቸው?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ከክፍሉ ውስጥ ታሪኩን የሚፈልጉት እሳቸው ብቻ መሆናቸው የገባኝ። ከዚያ የማክቤዝ አንገት ተቆረጠ። ቤቱ ጭጭ አለ። «አክተሩ ሞተ እንዴ?» አለ ሪሞት ያዡ። አክተር አይሞትም፤ ይሄ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ሕግ ነው። ተመካከሩና «ፓርት ሁለት ይኖረዋል» ተብሎ ተዘጋ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ማክቤዝ አለቀ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። በጣቱ ተጭኖ ካሳለፈው ውስጥ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? የማክደፍ ሚስት ከልጇ ጋር ቤቷ ተቀምጣለች። ባሏ ጥሏቸው ሄዷል። ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ነገር እየጠመዘዘ እናቱን ይመልስላታል። ገዳዮች ገቡ። የላካቸው ማክቤዝ ነው። ልጁን እናቱ ፊት ገደሉት፤ በተውኔቱ እየሞተ «አምልጪ» ይላታል። ያን ንግግር አዋቂ ጀግና ስናደንቅ ቆይተን ምን እየሠራ እንደሆነ የምናይበት ቦታ ይሄ ነው። እሱ በቦታው የለም። መኖርም የለበትም። እንዲህ ያለ ሰው ይልካል እንጂ አይመጣም። እና ጢም ያወጣ ሰው ፈንዲሻ እየቆረጠመ «ዴንዘል የለበትም፣ አሳልፈው!» ይላል። ደሜ ፈላ። ልጁ የታለፈው ታዋቂ ስላልሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ክሊፕ ቆራጩን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ማክቤዝ የሚስቱን ሞት ሲሰማ የሚናገራት አጭር ንግግር አለች። ነገ፣ ደግሞም ነገ፣ እያለ ቀን በቀን እየተሳበ ይሄዳል፤ ሕይወት የሚሄድ ጥላ ናት፤ መድረክ ላይ ለአንድ ሰዓት ተንጎራዶ ድምፁ የሚጠፋ ምስኪን ተዋናይ ናት፤ ጅል የሚያወራው፣ ፍቺ የሌለው ተረት ናት፣ ይላል። ከዚህ የጨለመ ንግግር ከየት ይመጣል? ክሊፕ ቆራጩ ግን ከሥሩ ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ አስገባበት። በትልቁ «ነገ ያንተ ነው! ተስፋ አትቁረጥ!» ብሎ ጻፈበት። የእሳት ምልክት ደረደረ። ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ላይክ ጎረፈለት። አንዱ ደግሞ ከሥሩ «ሰኞን በዚህ ነው የጀመርኩት» ብሏል። እግዜር ከማክሰኞ ይጠብቀው።

ባሕር ማዶ ያላችሁትም ከምስጋናው አልጎደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዴንዘል ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የሼክስፒርን ኦቴሎ ሲሠራ የአንዳንዱ ወንበር ዋጋ 921 ዶላር ደርሶ ነበር። ከዋሽንግተን ዲሲ በአውቶቡስ ገስግሶ የቲያትሩ በር ላይ ፎቶ የተነሳውን ወንድማችሁን «ኢያጎን የሠራው ማነው?» በሉት። «ያ ሌላው ልጅ» ይላችኋል። ያ ሌላው ልጅ ጄክ ጂለንሀል ነው። በተውኔቱ ውስጥ ደግሞ ከኦቴሎ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ኢያጎ ነው። ወንድማችን ከተነገረው ውስጥ የሚበልጠውን ከፍሎ አልሰማም ማለት ነው።

«ሼክስፒር የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ምን አገባን» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሰው እንግዲህ ለፈረንጅ ይሆናል።

እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በተመልካች ላይ መቆለል ልክ አይደለም። ፊልም ሠሪዎቹም ያውቁናል። እ.ኤ.አ. በ1953 «ጁሊየስ ቄሳር» ሲሠራ ማርሎን ብራንዶ አንቶኒ ሆነ። አንቶኒ ቄሳር እስኪገደል ድረስ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ከመወርወር በቀር ነገር የለውም። የብራንዶ ወዳጅ በደንቡ ከሄደ ጁሊየስ ቄሳርን ያለ ቄሳር ያያል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዲካፕሪዮ ሮሚዮ ሆኖ ሲመጣ ስንቷ ልጅ እንዳለቀሰች ተዉት፤ ለጁልየት ያለቀሰ ካለ እጁን ያውጣ።

እኔም ዴንዘልን እወደዋለሁ። ስለዚህ ለእነዚህ ወገኖች የሚሆን ፊልም መርጬላቸዋለሁ። «ፌንስስ» ይባላል። የኦገስት ዊልሰን ተውኔት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዴንዘል ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ የተወነበት። 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው። አብዛኛው ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ጓሮ ላይ ሰዎች ሲያወሩ የሚያሳይ ነው። ተኩስ የለም፣ ቁራም የለም። ግን ዴንዘል በየደቂቃው አለ። ያወራል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ይጠጣል፣ ደግሞ ያወራል። ሪሞቱ አንድም የሚያሳልፈው አያገኝም። «ከጓሮ አይወጣም እንዴ?» እያላችሁም ቢሆን ትጨርሱታላችሁ።

መጨረሻው ላይ ብቻ ዴንዘል የሚሠራው ሰው ይሞታል። የቀብሩ ቀን ነው። በዚህ ፊልም ኦስካር የወሰደችው ቫዮላ ዴቪስ ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ስለ ባሏ ታወራዋለች፤ ምን እንደሰጣት፣ ምን እንደወሰደባት። እዚህ ጋ ዴንዘል የለበትም። ስኒዎቹን አነሳሱና ውጡ፣ ታክሲ ሳይጠፋ።