የወርዋሪዎችን ክንድ የሚጠብቅ ደንብ ያስፈልጋል

በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች የሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ ኳስ ተወርውሮ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ብሔራዊ ሻምፒዮና በየዓመቱ በግንቦት ማገባደጃ በኦክላሆማ ሲቲ ይካሄዳል። ከ64 ቡድኖች ተጣርተው የቀሩት ስምንቱ ዴቨን ፓርክ በተባለው ስታዲየም ይገናኛሉ፤ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይሰናበታል፤ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ደግሞ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈው ዋንጫውን እንዲወስድ ይፋለማሉ። በዚህ ስፖርት ወርዋሪዋ ክንዷን ከታች ወደ ላይ አዙራ፣ 13 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ወደቆመችው መቺ ኳሱን ትለቃለች፤ የቡድኑም ዕጣ በአብዛኛው በእሷ ትከሻ ላይ የወደቀ ነው።

ውድድሩ ተመልካች ቸግሮት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሴቶቹን ጨዋታዎች በአማካይ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ የወንዶቹን የኮሌጅ ቤዝቦል ሻምፒዮና የተመለከተው 755 ሺህ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የሴቶቹ መርሐ ግብር እጅግ ከመጣበቡ የተነሳ ዝናብ ያዘገየው የፍሎሪዳ ስቴትና የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ የተጠናቀቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብዙም ስም ያልነበረው የጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ ኦዲቺ አሌክሳንደር ኃያሉን የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ባሸነፈች ማግሥት፣ ኦክላሆማ ስቴት ነጥብ ሊያስቆጥር ሲል ከፊቷ የወደቀውን ኳስ አፍሳ፣ በደረቷ ተወርውራ ሯጯን በመጨረሻዋ ቅጽበት በኳሱ ነክታ ነጥቡን ያከሸፈችበትን ትዕይንት ያየ ሁሉ የሚረሳው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ብቃት በእንቅልፍ እጦትና በድካም መካከል እንዲታይ መደረጉ አሳፋሪ ነበር። አሠልጣኞችና ተጫዋቾች ቅሬታቸውን በአደባባይ ካሰሙ በኋላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ማለትም ኤንሲኤኤ፣ ከ2022 ጀምሮ የውድድሩን ቀናት አራዘመ። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ የወርዋሪዎቹን ጫና ግን አላቃለለም።

የ2025ቱን ፍጻሜ እንመልከት። ከስታንፎርድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያስገኝ ስምምነት ወደ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረችው ወርዋሪ ኒጃሪ ካናዲ፣ ቡድኗ በኦክላሆማ ሲቲ ባደረጋቸው ጨዋታዎች እስከ ፍጻሜው ሁለተኛ ግጥሚያ ድረስ ኳሱን ያለ ተተኪ ወረወረች። ሦስቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች የተካሄዱት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት በተከታታይ ሦስት ቀናት ሲሆን፣ በሦስተኛው ቀን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዙር ብቻ አምስት ነጥብ አስቆጥሮባት ከሜዳ ወጣች። ቴክሳስ 10 ለ 4 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ቴክሳስ ጠንካራ ቡድን ስለነበር ሽንፈቱን በድካም ብቻ ማሳበብ ባይቻልም፣ ደንቡ እንዲህ ያለውን ጫና በዝምታ ማለፉ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ከታች የሚወረወር ኳስ ክንድን አይጎዳም የሚለው የቆየ እምነት ለዚህ ቸልተኝነት ሽፋን ሆኖ ኖሯል። የስፖርት ሕክምና ጥናቶች ግን በትከሻ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከቤዝቦል ወርዋሪ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል። ውሳኔው ለአሠልጣኙና ለተጫዋቿ ይተው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይሁን እንጂ ልጅነቷን በሙሉ ለዚህ መድረክ ስትዘጋጅ የኖረች ወጣት ደክሞኛል ብላ ኳሱን ለሌላ ትሰጣለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በዚያው የፍጻሜ ጨዋታ በአንድ ምት አራት ነጥብ ያስገኘችው የቴክሳሷ ሚያ ስኮት የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ሳለ ስትጫወት እንደነበረ ይፋ የሆነው ከድሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኤንሲኤኤ በፍጻሜ ጨዋታዎች መካከል ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ማስገባት፣ አንዲት ወርዋሪ በተከታታይ ቀናት የምትወረውረውን የኳስ ብዛትም በሐኪሞች ምክር መወሰን ይኖርበታል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሶፍትቦል ግጥሚያዎች የሚካሄዱት በዚሁ በዴቨን ፓርክ ነው፤ ለአሜሪካ ከሚሰለፉት መካከልም በዚህ ሻምፒዮና ያለፉ ስለሚኖሩ፣ ደንቡ ከዚያ በፊት ሊጸድቅ ይገባል።