80 ከሞላ ይነሱልን

ሰሞኑን አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጥሮልናል። መኪናው 80 በመቶ ሞልቶለት የማይነሳ ሰው።

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ከቤት ውጭ ቻርጅ የሚያደርግ ሁሉ ያውቀዋል። ፈጣን ቻርጀሩን ይሰካል። ወንበሩን ወደ ኋላ ይለጥጣል። ጫማውን ያወልቃል። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ከኋላው መኪኖች ተደርድረዋል። የቻርጀሩ ስክሪን 91 ይላል። ማኪያቶ አዝዘህ፣ ጠጥተህ፣ ሒሳብ ከፍለህ ስትመለስ 93 ይላል። መስኮቱን በትሕትና ቆርቆር ስታደርግ አንድ ዓይኑን ይገልጥና «ትንሽ ናት የቀረችው» ይልሃል።

ትንሽ ናት! ችግሩስ እሱ አይደል? የማታልቀው እኮ ያቺው ትንሿ ናት።

ላልገባው ላስረዳ። የመኪና ባትሪ ሰርግ ቤት ርቦት የመጣ እንግዳ ነው በለው። መጀመሪያ ላይ የቀረበለትን ሁሉ ያጋብሳል። ከ80 በመቶ በኋላ ግን እያንዳንዷ ጉርሻ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ ነው የምትገባው። ማሽኑ ሰንፎ አይደለም። ባትሪው እንዳይጎዳ መኪናው ራሱ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል። 100 ኪሎ ዋት መስጠት የሚችል ማሽን መጨረሻዋ ላይ ጥቂት ኪሎ ዋት እያንጠባጠበ ይቆማል። ፈጣንነቱ በስም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ያቺን የመጨረሻ 20 በመቶ የሚጠብቅ ሰው፣ ቀድሞ የሞላውን ሁሉ ለመሙላት ከፈጀበት ጊዜ የማይተናነስ ሊቆምበት ይችላል። ለዚያውም ከቦሌ ሲኤምሲ ደርሶ ለመመለስ! አዳማ እንኳን ቢሄድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በ80 ደርሶ ይመለሳል።

«የጠገበ፣ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አጭር ነው፣ አይዞርም፣ ማንን እንደሚናገር አይደብቅም። አንድ ቀን ለአንዱ እንቅልፋም ይቺኑ ተረት ጣል አደረግሁለት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንግዲህ ይሄን ተረት አልወደውም። በዚህ ከተማ የዘገየ ነገር ሁሉ ጠበቃው ይሄ እንቁላል ነው። መንገድ ተቆፍሮ ሲተው፣ እንቁላሉ። ወረዳ ሄደህ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው» ስትባል፣ እንቁላሉ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ማን ሥራ ፈትቶ እንደጠበቀው ማንም አይነግርህም። ደግሞስ ያኔ እንቁላሉ ቀስ ሲል፣ ሌላ ዶሮ «እባክሽ ቦታውን ልቀቂልኝ» እያለች ከጎጆው በር ላይ ቆማ ነበር እንዴ?

ወደ ቻርጀሩ ልመለስ።

ይሄ ጣጣ የመጣብን በ2016 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዓለም የመጀመሪያዋ ሀገር ሆንን። አንደኛ መውጣት ደስ ይላል። ቀረጡም ቀደም ብሎ ቀንሶ ነበር። ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ እዚህ ለመገጣጠም ብትንትኑ የወጣ ደግሞ ምንም። የማደያ ሰልፍ ያማረረን ሰዎች «ተገላገልን» ብለን ገባንበት። ከቤንዚን ሰልፍ ወደ መብራት ሰልፍ ተዛወርን ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ማደያ ላይ ቀጂው «ቀጥል!» ይልሃል። እዚህ ግን የሚቀጥል የለም።

መኪኖቹም ከቻይና ሲመጡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ነው የመጡት። የብዙዎቹ ስክሪን በቻይንኛ ነው። የእኔዋ ቀበቶ ካላሰርኩ በቻይንኛ ትቆጣኛለች። ድምፅዋን ሰምተው ዘመድ ይዤ የምሄድ የመሰላቸው አሉ። ከእንቅልፋሞቹ አንዱ ይቺን ራሷን ሰበብ አድርጎ አቀረበልኝ። «80 ላይ ይቁም ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን ቦታውን ማንበብ አልቻልኩም።» ሽማግሌ ሰው ስለነበሩ ዝም አልኩ። ወጣት ቢሆን ግን «ጋሼ፣ ገመዱን መንቀል ቻይንኛ አይጠይቅም» ማለቴ አይቀርም ነበር። ለወጣት ለምን ጋሼ እንደምል አትጠይቁኝ፣ ስናደድ ነው።

ሶኬቱስ? ከማሽኑ ሁለት ዓይነት ገመድ ይወጣል። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ጂቢቲ በሚባለው ነው የሚሞላው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ በሚባለው። ወረፋህ ደርሶ ባዶ የሆነው ገመድ ያንተ ላይሆን ይችላል። የኖኪያ ዘመንን ያስታወሰ ይገባዋል። ካፌ ገብተህ «ቻርጀር አለ?» ስትል «ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?» ትባል ነበር። በነገራችን ላይ ቀጭኑን ቻርጀሬን «አንዴ» ብሎ ወስዶ በዚያው ሥራ የቀየረ ባልደረባ ነበረኝ። ይሄን ካነበበ፣ ስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም።

ቤትህ ለምን አትሞላም የሚል አይጠፋም። ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ኤክስቴንሽን በመስኮት ላውርድ? የሚያወርዱ አሉ፣ አይቻለሁ። ገመዱ በሦስት ሰው መስኮት አልፎ፣ የተሰጣ ልብስ ታክኮ መኪናው ላይ ይደርሳል። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚሠራ ተራ ሶኬት 2.2 ኪሎ ዋት ነው የሚሰጥህ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ከሆነ በዚህ ለመሙላት ከአንድ ቀን ያልፋል። በመሃል መብራት ካልሄደ ማለቴ ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳሩ ቻርጀር ለእኔ ቢጤው ቅንጦት አይደለም። የሚያናድደው ደግሞ ቻርጀሩ ላይ ከሚተኙት ውስጥ ግቢ ያለው፣ በር ያለው፣ ቆጣሪው የራሱ የሆነ ሰው መኖሩ ነው። «የእኔ ባትሪ ኤልኤፍፒ ነው፣ አልፎ አልፎ 100 ሙሉት ተብሏል» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ኤልኤፍፒ ለሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት እንደዚያ ይመከራል። ታዲያ ማታ ቤትህ ሰክተህ ሙላዋ! እሷም ትተኛ፣ አንተም ተኛ፣ እኛም እንተኛ።

አንዱ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። «ለዚህ መብራት የወር ደሞዜን ሰጥቻለሁ» አለኝ። የግድቡን ማለቱ ነው። ወንድሜ፣ ማን ያልሰጠ አለ? ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንድ ገዝተናል፣ ደሞዝ አስቆርጠናል፣ ወደ 8100 መልእክት ልከናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም አብረን እልል ብለናል። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለአንተ መኪና ብቻ ነው የገደብነው?

አሁን ትንሽ ልብረድና እውነቱን ልናገር። ይሄ ሰውዬ ከሰማይ አልወረደም። እኛው ነን ያሳደግነው። ያለንን ሁሉ ሞልተን ካላደርን እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ነን። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይሄን አይስተውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያፏጫል። ቀጥሎ ቡናማ ነገር ይተፋል። ከዚያ ከጓሮ አንዷ «ውሃ መጣ!» ትላለች። ቤቱ በሙሉ በባዶ እግሩ ይነሳል። በርሜሉ ይሞላል። ቢጫ ጀሪካኖቹ በተራ ይሞላሉ። ባልዲው፣ ሳፋው፣ ድስቱ፣ ማንቆርቆሪያው ይሞላል። እናቴ መጨረሻ ላይ ጀበናዋን ሳይቀር ትሞላ ነበር። ነገ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? እንዲህ ያደገ ሰው 80 ላይ ንቀል ስትለው ጀበናዋን ባዶዋን ተዋት ያልከው ነው የሚመስለው። መብራትም ቢሆን ሲሄድ ተሰናብቶን አያውቅም።

ይሄን እረዳለሁ። የማልረዳው ሞልቶ ሲፈስ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ ጎረቤት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለት ሮቶ አላቸው። ፓምፕ አላቸው። ውሃ በመጣ ቁጥር ፓምፑ ድርርር ይላል፣ ላይ ያለነው ቧንቧ ከፍተን አየር እናዳምጣለን። ሮቶዎቹ ሞልተው ከአናታቸው ይፈሳሉ። ውሃው ኮሪደሩን ያጥባል፣ ደረጃውን ያጥባል፣ የእኔን መኪና ጎማ ያጥባል፣ ቱቦ ይገባል። ፓምፑ አይጠፋም። አንድ ሌሊት ጀሪካን ይዤ ወረድኩና «ጋሼ፣ ሞልቷል እኮ» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ድፍርሱ ይውጣለት» አሉኝ።

ድፍርሱ! እኛ ድፍርሱ ራሱ ናፍቆናል! አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ያለው ቤት አለ፣ የታመሙ እናት ያሉበት ቤት አለ፣ ውሃ በጀርባቸው ነው የሚያወጡት። እሳቸው ቱቦውን ያጥባሉ። የግቢ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ስለ መተሳሰብ ይናገራሉ። ያምርባቸዋል። አንዴ እንደውም አስለቅሰውናል።

ይሄን ስጽፍ ራሱ ደሜ ፈላ። የት ነበርን? ቻርጀሩ ላይ።

ውጭ ሀገር ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። ቴስላ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሞልቶለት ከቻርጀሩ ያልተነሳን መኪና በደቂቃ ያስከፍላል። እዚህም ይጀመር የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። የዋሆች ናቸው። እኔ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አንተ ቅጣት ስትለው እሱ የሚሰማው ኪራይ ነው። ዛሬ ቢያንስ ስትቀሰቅሰው ትንሽ ይሽኮረመማል። ክፍያ ከተጀመረ ግን «ከፍዬበታለሁ አይደል እንዴ?» ይልና መስታወቱን ይዘጋብሃል። በሳምንቱ ትራስ ይዞ ይመጣል። በወሩ እንግዳ ይቀበልበታል።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ተራ አስከባሪ ይቀጠርልን። የታክሲው ማለቴ ነው። ያ በጠራራ ፀሐይ መቶ ሰው ሰልፍ አስይዞ፣ የሚያቋርጠውን በክንዱ ስቦ የሚያወጣው ልጅ። ባለ 12 ሰው ሚኒባስ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሞልቶ ያስወጣል። «ለመጠየቅ ብቻ ነው» የሚል አያሞኘውም። ስክሪኑ 80 ሲል ኮፈኑን በመዳፉ ድው ድው ያደርግና «ሞልቷል! ሳበው!» ይላል። ያ እንቅልፋም ሰውዬ ጫማውን ሳያጠልቅ ሲነዳ ይታየኛል። እርግጥ ተራ አስከባሪውም ሰው ነው። ቆይቶ በአንድ ገመድ «ትርፍ» መጫን ሊያምረው ይችላል። ይሁን፣ የዚያን ጊዜ ደግሞ እናማርረዋለን።

ሁለት የሚቀጠር ከሆነ አንዱን ወደ እኛ ግቢ ይላኩልን። ሥራው የሌሊት ነው። የፓምፑ ማጥፊያ የት እንዳለ እኔው አሳየዋለሁ።